ካሳ ሐሙስ ይመጣል

ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ተነስቶ ችግኝ ለማየት ወልቂጤ ማዶ ድረስ የሚሄድ ጤነኛ ሰው የለም። እኛ ግን ሄድን። ከተመለስን ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ «እስቲ አንቺ ንገሪን፣ ጋሽ ካሳማ ያሳጥሩታል» እያለ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋባትን ሱቄን ስላጨናነቀብኝ፣ አንዴ ጽፌው ብገላገል ይሻላል ብዬ ቁጭ አልኩ። እናንተም ብትሆኑ እዚያ ድረስ አትሄዱም። ዘነበወርቅ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ለመጠየቅ እንኳ «ታክሲ የለም» የምትሉ ሰዎች ናችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእድራችን አዳራሽ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር፣ ያረጁ ወይራና ጥዶች የቆሙበት ቦታ አለን። ጫካ ብዬ ብጠራው ጫካ የሚያውቅ ሰው ይስቅብኛል። ግን የለቅሶ ድንኳን የምንተክለው እዚያ ጥላ ስር ነው። የእድሩን ድንኳንና ድስት የምጠብቀው እኔ ስለሆንኩ ቦታውን ከጓዳዬ በላይ አውቀዋለሁ። ከቆሻሻ መጣያው፣ ከቆሼ በኩል ንፋስ ሲነሳም ሽታውን ትንሽ የሚይዝልን እሱ ነው።

በዚያ በኩል መንገድ ሊወጣ ነው ተባለ። መንገዱን አንፈልግም ያለ የለም። ባለፈው ክረምት የእድራችን ዳኛ የጋሽ ካሳ ባለቤት፣ እትዬ አልማዝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ሲያርፉ፣ አስከሬን የሚጭነው መኪና ጭቃውን መውጣት አቅቶት ታች ቀረ። በሸክም ስናወርዳቸው ተሸካሚዎቹ ተንሸራተቱና ሳጥኑ ወደቀ። ጋሽ ካሳ አላለቀሱም፤ ጎንበስ ብለው ሳጥኑን በጋቢያቸው ጠረጉት። ያንን ያየ ሰው ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ይውጣ ባይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እሳቸው።

ታዲያ የመንገዱ ሥራ ድርጅት ናሆም የሚባል አንድ መልከ መልካም ወጣት ላከብን። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነው። ዛፎቹ መቆረጣቸው ግድ ነው፣ ግን ማካካሻ አለ አለን። አንድ ሲቆረጥ አሥር ይተከላል፤ እንዲያውም ቀድሞ ተተክሏል፤ ስለዚህ የተጣራ ጉዳቱ ዜሮ ነው። እኔ የተጣራ ቅቤ አውቃለሁ፣ የተጣራ ዘይት አውቃለሁ፤ ጉዳት ሲጣራ ግን ሰምቼ አላውቅም አልኩት። ሳቀ። የት ነው የተተከለው ስንለው፣ «ወልቂጤ ማዶ፣ ባዶ መሬት ላይ» አለ።

እድሩ መከረና ወሰነ። ጋሽ ካሳ ሄደው ይዩ። «ተተክቷል» ካሉ ዛፎቻችን ይቆረጡ፤ «አልተተካም» ካሉ አንፈቅድም። እኔ አብሬ እንድሄድ የተመረጥኩት የእሳቸው ዐይን ስለደከመ ነው። ጎረቤታችን ታምራት ደግሞ ያረጀች ዲኤክስ መኪና ስላለው ተመረጠ። ጋሽ ካሳ ችግኞቹ ጸድቀው እንዲያገኟቸው ለገብርኤል ጥላ ተሳሉ። «ጋሼ፣ ጥላ ለማስቆረጥ ጥላ ይሳላሉ?» ብላቸው፣ «አንቺ አፍሽን ዝጊና ስንቅሽን ቋጥሪ» አሉኝ። ናሆምም «እዚያ ላሉት መልእክት እልካለሁ፣ በደንብ ይቀበሏችኋል» አለን። ይህችን መልእክት ያዙልኝ።

ረቡዕ

ጥቅምት ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በጠዋት ከማዞሪያው ተነስተን አየር ጤና ለመድረስ የፈጀብን ጊዜ፣ ከዚያ ወዲያ ሰበታ ለመድረስ ከፈጀብን ይበልጣል። ታምራት የጴንጤ መዝሙር ከፈተ። ጋሽ ካሳ መቋሚያቸውን መኪናው ወለል ላይ አቁመው እህህ ይላሉ። ትንሽ ቆይቼ ሳያቸው መቋሚያው ከመዝሙሩ ምት ጋር ይነቃነቃል። አላየሁም ብዬ በመስኮት ወደ ውጭ ዞርኩ።

ተፍኪን ካለፍን በኋላ ሜዳው ሁሉ ጤፍ ነው፤ ለጥ ያለ፣ ዐይን እስኪደክም። የእኛን ሰፈር ጣሪያ ለጣሪያ መነካካት የለመደ ሰው እንዲህ ያለ ሜዳ ሲያይ የሚገባበት ይጠፋዋል። «ይኼ ሁሉ መሬት ካለ ለምን እኛ ጋ ተፋፈግን?» አለ ታምራት። ቱሉ ቦሎ ልንደርስ ስንል ቷ! አለ። ጎማ ነው።

ታምራት ኮራ ብሎ ወረደ። «አይዟችሁ፣ ስኮርታ አለኝ» ብሎ ክሪኩን አወጣ፣ መኪናዋን አነሳ፣ የፈነዳውን ፈታ፣ ስኮርታውን አሰረ። ክሪኩን ሲያወርደው መኪናዋ በቀስታ ጋደም አለች። ምትኩ ጎማ ራሱ ትንፋሽ የለውም ነበር። ጋሽ ካሳ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዩት አዩትና፣ «ለመሆኑ ከመነሳታችን በፊት አይተኸው ነበር?» አሉት። ታምራት፣ «ጋሼ፣ ስኮርታ እኮ አለ ተብሎ ነው የሚኬደው፤ ማን ያየዋል?» አላቸው።

አንድ የሲኖ ትራክ ሹፌር ቆመልን። እኛ ኮልፌ ሲኖ ትራክ ስናይ ልጆቻችንን ወደ ቤት እንጠራለን። ይኼኛው ግን ወርዶ፣ ሁለቱንም ጎማዎች ጭኖ፣ ታምራትን ከጎኑ አስቀምጦ ቱሉ ቦሎ ጎሚስታ ቤት አደረሰው፤ ጎሚስታው ደግሞ በሞተር ሳይክል መለሰልን። እስከዚያው ማሳ ውስጥ የነበረች ሴት እኛን አየችና በርጩማ ይዛ መጣች፣ ለጋሽ ካሳ። አማርኛ አትችልም፤ እኔም ኦሮምኛዬ ከገበያ አያልፍም። «ገለቶሚ» ብዬ አመሰገንኳት። እሷ ደግሞ ምን ብላ እንደመለሰችልኝ አላውቅም፣ ግን እስክንሄድ አጠገባችን ቆማ ጠበቀችን።

ወሊሶ ምሳ በላን። ረቡዕ ስለሆነ ለእኔና ለጋሽ ካሳ ሽሮ መጣ። ታምራት ግን አላፈረም፤ ጥብስ አዘዘ፣ በሸክላ፣ እየተንቸሰቸሰ። ጋሽ ካሳ ፊታቸውን አዙረው በሉ። «ሽታውም ያስገድፋል እንዴ?» ብዬ ብጠይቃቸው ሽሯቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

ማታ ወልቂጤ አንድ ቤርጎ ያዝን። ባኞ ቤቱ የሚያምር ነው፣ ሴራሚኩ ያበራል፣ ውሃ ግን የለውም። ባለቤቷ ጀሪካን ይዛ መጥታ «ውሃ በፈረቃ ነው» አለች። «ፈረቃው መቼ እንደሆነ ይታወቃል?» አልኳት። «ነገ ጠዋት ነው» አለችኝ። ታድለው! እኛ ጋ ፈረቃ አለ እንጂ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ወንዶቹ አንድ ክፍል ተጋሩ። ጎህ ሲቀድ ጋሽ ካሳ ውዳሴ ማርያማቸውን ጀመሩ፤ ታምራትም ጸሎቱን ጀመረ፤ አንዱ ከፍ ሲያደርግ ሌላው ከፍ እያደረገ ሄደው ሄደው ባለቤቷ ሰው የተጣላ መስሏት በሩን አንኳኳች።

ሐሙስ

የመንደሯን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ «ሌላ ችግኝ ይዞ የሚመጣ እንዳይበዛብን» ብለው ለምነውኛል። ከወልቂጤ ወጥተን አስፋልቱን ለቀን ኮረኮንች ያዝን፤ እንሰቱ እየበዛ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። ከዚያ አንድ ዳገት ወጥተን ስንታጠፍ፣ አቤት! አንድ ሰፊ አረንጓዴ መንገድ፣ ሣር የለበሰ፣ የኳስ ሜዳ የሚያህል ስፋት ያለው፣ በግራና በቀኝ ቤቶች ተሰልፈውበት። ሣሩ አጭርና ንጹሕ ነው። እኔ መጀመሪያ የቱሪስት ሆቴል መሰለኝ።

በዚያ ሣር ላይ ሰው ሞልቶ ይጠብቀናል። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ። መኪናዋ እንደቆመች እልልታው ቀለጠ። «ካሳ መጣ! ካሳ መጣ!»

ጋሽ ካሳ በመኪናው መስታወት ጢማቸውን አስተካከሉ። «አየሽ፣ ይኼ ናሆም የምትስቂበት ልጅ ጨዋ ነው። ተናግሮልኛል» አሉኝ። ወረዱ። ሰው ይጨብጣቸዋል፣ ትከሻቸውን ይስማል፤ አንዲት ባልቴት መሬት ልትስም ምንም አልቀራት። ኮልፌ ጋሽ ካሳን እንዲህ የተቀበላቸው የለም፤ እኛ ጋ ሲመጡ ያልከፈለ የእድር አባል ይደበቃል።

እንግዳ ሳይበላ ወግ አይጀመርም አሉና ከመንደሩ ሽማግሌ ከአቶ በርጋ ቤት ገባን። ምራታቸው ትርፌ፣ ፈጣን፣ ሳቅ የማይለያት ሴት፣ ክትፎ በጣባ አቀረበች። ቆጮ፣ አይብ፣ ጎመን። በእኛ ሰፈር ክትፎ ቤት የሚቀርበው፣ እውነቱን ልናገር፣ የዚህ ክትፎ የሩቅ ዘመድ ነው። ጋሽ ካሳ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያሉ ጀመሩ፤ አጥንት ግን አልነበረበትም። ሁለተኛ ጣባ መጣ። ሦስተኛም መጣ። ቀጭን ሰው ናቸው፤ የት እንደሚያስገቡት እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ አቶ በርጋ ተነስተው ቆሙ። ረጅም፣ ድምፃቸው የከበደ ሰው ናቸው።

«ሁለት ክረምት ሙሉ ካሳ ይመጣል ሲሉን ነበር። ተስፋ የቆረጠም አለ። እኔ ግን ካሳን ሳላይ አልሞትም ብዬ ነበር።»

ጋሽ ካሳ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «ይኸው አዩኝ» አሉ።

«እግዜር ይስጥልን። ታዲያ የት አለ?»

«ማን?»

«ካሳው ነዋ።»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎማ አምጪው ነዎት። ካሳው የት ነው?»

«ጌታዬ፣ አምጪውም የመጣውም እኔው ነኝ። ካሳ እባላለሁ። እናቴ ናት ያወጣችልኝ።»

ትርፌ ጉርሻ እንደያዘች ቀረች። አቶ በርጋ ቀስ ብለው ከኪሳቸው ስልክ አወጡና ለእኔ ሰጡኝ። የናሆም መልእክት ነው፦ «ካሳ ሐሙስ ይመጣል። በደንብ ተቀበሉት።»

ምን ልበላችሁ! የዘንድሮ ልጅ! አንዲት «ጋሽ» ቢጨምርባት፣ «ይመጣል»ን «ይመጣሉ» ቢላት፣ አንድ መንደር ሙሉ ሰው በሬ አያርድም ነበር። ልጁ አክብሮት ቆጥቦ አንድን ሽማግሌ የመሬት ካሳ አደረጋቸው።

መጀመሪያ የሳቀችው ትርፌ ናት። ጉርሻዋን ጣለችና መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ከዚያ በር ላይ የቆሙት፣ ከዚያ ውጭ ያሉት፤ ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ሳቁ እስከ መንደሩ ጫፍ ሲደርስ ይሰማል። አቶ በርጋ መጨረሻ ላይ ሳቁ፣ ግን ሲስቁ ምሰሶውን ያዙ። ጋሽ ካሳ ብቻ አልሳቁም። ጣባውን ወደ መሃል ገፋ አደረጉት። «እንግዲህ እኔ የበላሁት የማንን ክትፎ ነው?» አሉ።

«የእንግዳን ነዋ» አሉ አቶ በርጋ። «ይጨርሱት። ሳይጨርሱ ቢነሱ ያኔ ነው የምንጣላው።»

ጨረሱት። ከዚያ ችግኞቹን ልናይ ወጣን።

ያ ሰፊ ሣር ጀፎረ ይባላል። ከስንት ትውልድ በፊት አባቶች የለኩት የመንደሩ የጋራ ሜዳ ነው። ከብት ይውልበታል፣ መስቀል ይጨፈርበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ለቅሶ ይለቀስበታል። አጥሩን ክንድ ታህል ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው ካለ እሳት የሚያጭርለት ጎረቤት አያገኝም። ይህን ስሰማ አፈርኩ፤ እኛ ሰፈር አጥሩን ያልገፋ ካለ ገና ቤት ያልሠራ ነው። ታዲያ ናሆም ወይም የናሆም አለቃ ከላይ በፎቶ አይተውታል። ቤት የለበትም፣ እርሻ የለበትም፣ ዛፍ የለበትም። «ባዶ መሬት» ብለው ጻፉበት።

ከጀፎረው የላይኛው ግማሽ በሽቦ ታጥሯል። ካሳ ይሰጣችኋል ተብሎ ነበር፤ ይኼው ነው የሚጠብቁት። ብርም አይደለም የሚሉት፤ ወይ ሜዳችን ይመለስ ወይ ከብት የሚውልበት ሌላ ሣር ይሰጠን ነው። ሽቦው ውስጥ ችግኞቹ በሰልፍ ቆመዋል። ቆመዋል ማለቴ፣ እንጨታቸው ቆሟል፤ አብዛኞቹ ደርቀዋል። አጥሩ ጥግ ላይ ብቻ ለምለም ወይራዎች አየን። ትርፌ ናት፤ ጓሮዋ እዚያ ስለሆነ የዕቃ እጣቢ ታጠጣቸዋለች።

«ሜዳሽን የወሰደብሽን ዛፍ ታጠጫለሽ?» አልኳት።

«ዛፉ ምን አጠፋ?» አለችኝ።

ጋሽ ካሳ ሽቦውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። «ለቅሶ የምትቀመጡት የቱ ጋ ነበር?» አሏቸው አቶ በርጋን። አቶ በርጋ በሽቦው ውስጥ ጣታቸውን አሳልፈው አሳዩ። አሁን የት ነው ሲሏቸው፣ በጓሮ በኩል ዞረው፣ ቦዩን ተሻግረው እንደሚሄዱ ነገሯቸው። በሐምሌ ወንድማቸውን ሲቀብሩ ተሸካሚዎቹ ቦዩ ውስጥ ተንበርክከው ነበር።

«ሳጥኑ ወደቀ?» አሉ ጋሽ ካሳ።

«ለጥቂት።»

ጋሽ ካሳ ሽቦውን ለቀው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔ አፌን ዘጋሁ፤ ይህ እንደ ትልቅ ነገር ይጻፍልኝ። እኛ ኮልፌዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር። ከተማው ንጹሕ እንዲሆን ቆሻሻው ሁሉ ወደ እኛ ሲመጣ ማን ጠየቀን? የሌላው ሰፈር ማካካሻ ሆነን ነው ያደግነው። አሁን ደግሞ ተራችን ደርሶ እኛም መጣያ ተገኘልን ማለት ነው። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ማታ እሳት ዳር ትርፌ ጋሽ ካሳን፣ «አባባ፣ ለምንድን ነው ግን ካሳ የተባሉት?» አለቻቸው።

«ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ሞቶባት ነበር፣ እናቴ። አድማሱ ይባል ነበር። እኔ ስወለድ እግዜር ካሰኝ አለች።» እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉ። «ወደደችኝ፣ ምንም አላጎደለችብኝም። ግን ጥምቀት በመጣ ቁጥር፣ አድማሱ የሄደበት ቀን ነውና፣ ደጃፍ ላይ ትቀመጥና መንገዱን ታያለች። ‹እኔ አለሁ እኮ› እላታለሁ። ‹አዎ፣ አለህ ልጄ› ትለኛለች። መንገዱን ማየቷን ግን አትተውም።»

ትርፌ ዐይኗን በእጇ ጠረገች። እኔም ጭሱ ነው አልኩ።

ዓርብ

ስንነሳ ትርፌ አንዱን ወይራ ከነአፈሩ ነቅላ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ አድርጋ ሰጠችን። «ካሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ» አለችና ጋሽ ካሳን ጉልበታቸውን ሳመች። ደግሞ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ክትፎ ጨመረች። ዓርብ መሆኑን ረስታ። ጋሽ ካሳ ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ የክትፎው ሽታ ከኋላ እየመጣ፣ ታምራት አንድ እጁን መሪ ላይ አድርጎ በሌላው እየበላ፣ እስከ ቱሉ ቦሎ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ። እዚያ ግን መኪናዋን አስቁመው ወረዱና፣ ያቺን በርጩማ ያመጣችልንን ሴት ማሳ ውስጥ ፈልገው የቀረውን ክትፎ ሰጧት። ታምራት እስከ ሰበታ አኮረፈ።

ሰበታ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ጋሽ ካሳ ጭን ላይ ያለውን አየና «ምንድን ነው?» አለ። «የማካካሻ ደን ነው» አልኩት። አንዴ እኔን፣ አንዴ ቆርቆሮውን አየና «እለፉ፣ እለፉ» አለን። አየር ጤና ስንደርስ ንፋሱ ከቆሼ በኩል ነበር። ቤታችን ገባን አልኩ።

«ጋሼ፣ ለእድሩ ምን ሊሉ ነው?» አልኳቸው። «እሁድ ትሰሚያለሽ» አሉ። መንገዱን ምን ያህል እንደሚፈልጉት አውቃለሁ። ስለዚህ ፈራሁ።

እሁድ

አዳራሹ ሞልቷል። ናሆም ከፊት ተቀምጧል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ። ጋሽ ካሳ የቀለሙን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ናሆም ልጄ፣ ማካካሻህን ይዤልህ መጣሁ። እዚያ ያለውን ሰው መሬት ይዞ ነበርና መልሱት አሉን። የት እንትከለው?»

ናሆም ፈገግ አለ። «የት ይሻላል ጋሼ?»

«ባለፈው ቢሯችሁ ስትጠሩኝ አይቻለሁ። ከበሩ ፊት ለፊት አንድ ሰፊ ባዶ መሬት አለ። ቤት የለበትም፣ ዛፍ የለበትም።»

«እሱማ ባዶ አይደለም ጋሼ!» አለ ናሆም ፈጠን ብሎ። «መኪና ማቆሚያ ነው፤ ሰው በየቀኑ ይጠቀምበታል እኮ።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ራሱ ሰማው። ጆሮው ቀላ። ጀፎረው «ባዶ መሬት» መባሉን ጠዋት በየቤቱ ተናግሬ ስለነበር አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ልጁ አሳዘነኝ፣ ግን እኔም ሳቅሁ።

ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። «ጋሼ፣ ሳቁ ይቆየን። መንገዱስ? የእትዬ አልማዝን ቀን ረሱት?»

ሳቁ ጠፋ። ጋሽ ካሳ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«አልረሳሁም። እንዲያውም የሄድኩት ‹ተተክቷል› ብዬ ልመለስ ነበር፤ ለገብርኤል ተስዬ ነው የሄድኩት። ግን አልተተካም። ቢጸድቅም አልተተካም ነበር። እዚያ ያለው ሰው የራሱን ሬሳ በቦይ ያሻግራል፣ እኔ በአስፋልት እንድሄድ። ይህን በአፌ ‹ይሁን› ማለት አልችልም። መንገዱ ዛፎቹን ሳይነካ በላይ በኩል ዞሮ ይውጣልን፤ ይዘገያል ይሉኛል፣ ይዘግይ። እስከዚያ ከሞትኩ በሸክም ውሰዱኝ። አጥንት ብቻ ነኝ፣ አልከብዳችሁም።»

ማንም አልተቃወመም። አብዛኛው ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር።

መንገዱ እስካሁን አልወጣም፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ጭቃው እንዳለ ነው። ናሆም ግን ራሱ ወልቂጤ ማዶ ሄዶ ሽቦው በአንድ ወገን እንዲከፈት አደረገ፤ አቶ በርጋ ደውለው «ልጁ መጣ፣ አሁንስ ‹ይመጣሉ› ማለት ለምዷል» አሉኝ። የቀረው እንዲከፈት ገና እየተሟገቱ ነው። ትርፌ የሰጠችን ወይራ አዳራሹ በር ላይ ተተክሏል፤ የድስት እጣቢ አጠጣዋለሁ። ጋሽ ካሳም ስለታቸውን አስገቡ። «ችግኙ ሳይጸድቅ?» ብላቸው፣ «ጥላዬን አቆየልኝ አይደል? ጥላውን ሰጠሁት» አሉ።

ከዚያ እሁድ በኋላ ደግሞ ለተሸካሚዎች ስል ክትፎ ትቻለሁ ብለው በየሰው ቤት አወጁ። ማክሰኞ እለት 18 ማዞሪያ ካለው ክትፎ ቤት አፋቸውን እየጠረጉ ሲወጡ ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

«ጋሽ ካሳ! ተሸካሚዎቹስ?»

አልደነገጡም። «ማካካሻ አለው» አሉኝ። «አንድ ቀን በላሁ፣ አሥር ቀን ይጾማል።»

«ይጾማል? ማነው የሚጾመው?»

መቋሚያቸውን ወደ አየር ጤና፣ ወደዚያ ወደ ወልቂጤ መንገድ ቀሰሩ።

«እዚያ ማዶ ባዶ ሆድ ተገኝቶልኛል።»